ከቴሌቪዥን ቀርጾ ማስቀመጥና ማጋራት፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሆናል?

ጥምቀት ባለፈ ማግስት ጎንደር ውስጥ አንድ ጥያቄ ከቤት ቤት ይዞራል፦ «ማን ቀርጾታል?» የአንዱ ልጅ ከመዘምራኑ ጋር በቴሌቪዥን ታይታለች። የሌላው እናት ፋሲል መዋኛ አጥር ሥር ቃለ መጠይቅ ተደርጎላቸዋል። አሜሪካ ያለው ወንድም ደግሞ «ላኩልኝ እንጂ!» እያለ በየሰዓቱ ይደውላል። ከበዓሉ ውጭም ቢሆን የፋሲል ከነማ ጨዋታ ወይም ጥሩ ድራማ ሲኖር ነገሩ ያው ነው።

መንገዱ ግን ብዙ ነው። ሪሲቨሩ ላይ ፍላሽ ሰክቶ መቅዳት አለ። ስክሪኑን በስልክ መቅረጽ አለ። ከዩቲዩብ ማውረድ፣ በቴሌግራም መላክ፣ ሱቅ ሄዶ ማስጫን፣ ጣቢያውን መጠየቅም አለ። ሁሉም ይሠራሉ። ሁሉም ግን አይፈቀዱም። ከሚፈቀዱትም አንዱ ለአዘዞ ነዋሪ ተመችቶ ለፒያሳ ካፌ ባለቤት ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ የትኛው ሪሲቨር ይሻላል የሚለውን ለሻጮች እንተወውና መጀመሪያ በምን እንደምንመዝን እንስማማ።

በምን እንመዝን?

ዋናው ጥያቄ የሚያየው ማን ነው የሚለው ነው። በምን ቀረጻችሁ ከሚለው ይበልጣል። ሰው ብዙ ጊዜ የሚከራከረው በተቃራኒው ነው፤ «ፍላሽ ይፈቀዳል፣ ዩቲዩብ ማውረድ አይፈቀድም» ይላል። ሕጉ ግን ከመሣሪያው ይልቅ ቅጂው ወዴት እንደሚሄድ ይከታተላል።

የእኛ ሕግ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። አንቀጽ 9 ላይ ብዙ ሰው ያልሰማው ድንጋጌ አለ። አንድ ግለሰብ ለሕዝብ የወጣን ሥራ ለግል ጥቅሙ ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም። ይህ ትልቅ ፈቃድ ነው፤ ግን ጠባብ በር አለው። የተፈቀደው ለግለሰብ ስለሆነ ሱቅ ወይም ሆቴል አይገባበትም። ብዛቱም አንድ ነው። ማባዛቱ የሥራውን መደበኛ ገበያ የሚጎዳ ከሆነ ደግሞ ፈቃዱ ይቀራል። ገና ሲኒማ ቤት እየታየ ያለን ፊልም ሙሉውን ቀድቶ «ለግሌ ነው» ማለት የማያስኬደው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ የማን ነው የሚለው ነው። አንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ባለቤቱ አንድ አይደለም፤ እንደ ቡና ሥነ ሥርዓት አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለው። ጣቢያው በስርጭቱ ላይ የራሱ መብት አለው። ስርጭቱን መልሶ ማሰራጨት፣ ለሕዝብ ማቅረብ፣ መቅረጽና የተቀረጸውን ማባዛት በእሱ ፈቃድ ነው። ይህ መብት ከተላለፈበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ይቆያል። ውስጡ ያለው ዘፈን ደግሞ የግጥምና ዜማ ደራሲ፣ ድምፃዊ፣ አሳታሚ አለው። የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቀጥላል። የድሮ ኢቲቪ ቅጂዎችን የሚጭኑ ሰዎች «20 ዓመት አልፎታል» ሲሉ የሚረሱት ይህን ነው። የጣቢያው መብት ቢያልቅም የዘፈኑ ወይም የድራማው ላያልቅ ይችላል።

እዚህ ላይ በጣም የተለመደ ስህተት አለ። «ቪዲዮው ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ የእኔ ነው» የሚል። ቃለ መጠይቅ የሰጡት እናት የቀረጻው ባለመብት አይሆኑም። ያሳዝናል፣ ግን እንደዚያ ነው። ለቤታቸው አንድ ቅጂ ለማስቀመጥ ግን ማንም አይከለክላቸውም።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። ከቅጂው የሚያተርፍ ሰው ካለ የግል ጥቅም የሚለው መከራከሪያ እዚያው ያበቃል። አራተኛው ወጪና ኔትወርክ ነው። አምስተኛው ደግሞ ዕድሜ፤ የዛሬ ዓመት ብትፈልጉት ታገኙታላችሁ?

ቅጣቱን ለማወቅ ለምትፈልጉ፦ የ1996ቱ አዋጅ ሲወጣ ሆን ብሎ መብት የሚጥስን ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ደንግጎ ነበር። በቤተሰብ ግሩፕ ቪዲዮ የላከች አክስት ነገ ትታሰራለች ለማለት አይደለም። ሱቅ ከፍቶ የሚጭን ሰው ግን ይህን ቁጥር ቢያውቀው ጥሩ ነው።

ፍላሽ ሰክቶ ከሪሲቨር መቅዳት

ለቤት አገልግሎት ከሁሉም የምመርጠው ይህ ነው። ብዙ የሳተላይት ሪሲቨሮች ከፊት ወይም ከጎን ዩኤስቢ መሰኪያ አላቸው። ፍላሽ ሰክታችሁ ሪሞቱ ላይ ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ መጫን ነው። አንዳንዱ ሪሲቨር ሰዓት ተሞልቶለት ራሱ ተነስቶ ይቀዳል።

ኢንተርኔት አይበላም። ምስሉ ጣቢያው እንደላከው ነው። በሕጉም በኩል ለግል የሚቀዳ አንድ ቅጂ ስለሆነ አንቀጽ 9 ውስጥ በደንብ ይቀመጣል። ዘመድ ሲመጣ ሳሎን ቁጭ ብሎ አብሮ ማየትም ችግር የለበትም። አዋጁ «ለሕዝብ ማቅረብ» የሚለው ከተለመደው የቤተሰብ ክበብና ከቅርብ ወዳጆች ውጭ ያሉ ሰዎች የሚገኙበትን ቦታ ነው።

ችግሮቹ የቴክኒክ ናቸው። ተራ ጥራት ያለው ስርጭት በሰዓት ከ1 እስከ 1.5 ጊጋ ባይት ይይዛል። ኤችዲ ከሆነ ወደ 3 ጊጋ ይጠጋል። የከተራን ዋዜማና የጥምቀትን ቀን በሙሉ ልቅዳ ካላችሁ 16 ጊጋ ፍላሽ አይበቃችሁም፤ 64 ያዙ። ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት ከተደረገ ደግሞ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ ሊበልጥ አይችልም። ሪሲቨሩ ቅጂውን ይቆራርጠዋል። ብዙ ሰው «ግማሹ ጠፋብኝ» የሚለው ይህን ሳያውቅ ነው፤ አልጠፋም፣ በሌላ ፋይል ቀጥሏል።

ትልቁ ጠላት መብራት ነው። ቀረጻ መሀል መብራት ሲጠፋ ፋይሉ ሳይዘጋ ይቀራል፤ ሪሲቨሩም ላያነበው ይችላል። ስለዚህ የአራት ሰዓት ፕሮግራምን በአንድ ትንፋሽ አትቅዱ። በየሰዓቱ አቁሙና እንደገና ጀምሩ። መብራት ቢሄድ የምታጡት የመጨረሻዋን ሰዓት ብቻ ይሆናል።

በክፍያ የሚሠሩ ዲኮደሮች ለየት ይላሉ። የሚቀዱትም ቢሆኑ ቅጂውን ቆልፈው ያስቀምጡታል፤ ከዚያው ዲኮደር ውጭ አይከፈትም። ቁልፉን ለመስበር አትድከሙ። ነገሩ ከአዋጁ ሌላ ከድርጅቱ ጋር የፈረማችሁትን ውልም ይነካል።

ስክሪኑን በስልክ መቅረጽ

የድንገተኛ ጊዜ መፍትሔ ነው። ልጃችሁ ድንገት ስክሪን ላይ ብቅ ስትል ፍላሽ ፍለጋ አይሮጥም። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ የመስኮቱ ብርሃን ስክሪኑ ላይ ይወድቃል፣ ከኋላ ደግሞ «ያቺውላት! ያቺውላት!» የሚል ድምፅ ይገባል። አንዳንዴ ድምፁ ከምስሉ ይበልጣል።

ሕጉ ከፍላሹ ለይቶ አያየውም። «በስልክ ስለሆነ የራሴ ቀረጻ ነው» የሚለው አያስኬድም፤ የተቀዳው የጣቢያው ስርጭት ነው። ለራስ አንድ ቅጂ ከሆነ ይሁን። ቲክቶክ ላይ ሲወጣ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሊንክ መላክ

ለማጋራት ከሆነ ከሁሉም ንጹሕ መንገድ ይህ ነው፤ ሰው ግን ይንቀዋል። ዛሬ አብዛኞቹ ጣቢያዎች ፕሮግራማቸውን ራሳቸው ዩቲዩብና ፌስቡክ ላይ ይጭናሉ። እናንተ የምትልኩት አድራሻውን ነው፤ ቅጂ አልፈጠራችሁም። ተመልካቹ የሚያየው ባለመብቱ ራሱ ባስቀመጠበት ቦታ ነው። ለመቶ ሰው ብትልኩት ለጣቢያው መቶ ተመልካች አመጣችሁለት ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ አረጋግጡ፦ ገጹ የጣቢያው የራሱ ይሁን። የጣቢያውን አርማ ለጥፎ የሰው ሥራ የሚጭን ገጽ ሞልቷል።

አንዲት ጠቃሚ ዘዴ ልጨምር። ዩቲዩብ ላይ ስታጋሩ ቪዲዮው ከየትኛው ደቂቃ እንዲጀምር መምረጥ ይቻላል። ወንድማችሁ የሦስት ሰዓት ስርጭት ውስጥ የእናቱን ሁለት ደቂቃ ፍለጋ አይቸገርም። ቆርጦ ከመላክ የሚሻልበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ቆርጣችሁ ስትልኩ ግን ቅጂ አሰራጭታችኋል።

ድክመቱን አልደብቅም። ሊንክ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ ተመልካች የራሱን ዳታ ይከፍላል። በመካከለኛ ጥራት አንድ ሰዓት ማየት በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋ ባይት ይወስዳል። ኔትወርክ ሲደክም ወይም ጨርሶ ሲጠፋ ደግሞ ሊንኩ ባዶ ጽሑፍ ነው። ጎንደር ያለ ሰው ይህን ለማወቅ መካሪ አያስፈልገውም፤ በ2015 ነሐሴ ላይ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ኖረንበታል። ሌላው ችግር ጣቢያው ቪዲዮውን ሊያነሳው መቻሉ ነው። ስለዚህ ሊንክ ለማጋራት እንጂ ለማስቀመጥ አይሆንም።

አውርዶ በቴሌግራምና በዜንደር መላክ

አሁን ወደ ዋናው ጭቅጭቅ መጣን። ሁላችንም ያለንበት ቦታም ይኸው ነው።

«ወንድምዓለም፣ አንድ ጊዜ አውርደህ ለሁላችን ላክልን» የሚለው ጥያቄ ስግብግብነት አይደለም። ስሌት አለው። አንድ ሰው ዋይፋይ ካለበት ቦታ አውርዶ፣ ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ ፋይል በሚያሳልፉት በዜንደር ወይም በሼርኢት ለአምስት ሰው ቢያስተላልፍ አምስቱም ሰዎች ዳታ ይተርፋቸዋል። ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋ ባይት የሚደርስ ፋይል ይቀበላል፤ ሙሉ ድራማ ይገባል። ከምቾት አንጻር ይህን የሚያሸንፍ የለም።

ከሕግ አንጻር ግን ከዘረዘርኳቸው መካከል እግሩ የሚንሸራተተው ይህ ነው። የግል ቅጂው ፈቃድ ለአንድ ቅጂና ለራስ ነው። ስትልኩ ሁለተኛ ቅጂ ተፈጠረ፤ የተፈጠረውም ለሌላ ሰው ነው። እርግጥ ነው፣ ለባል ወይም ለእህት በብሉቱዝ ማሳለፍና ሺህ ሰው ባለበት ቻናል ላይ መልቀቅ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው በተግባር ማንንም አይጎዳም፤ ባለመብትም እዚያ ድረስ ወርዶ ሲከስ አላየሁም። ሁለተኛው ግን ለሕዝብ ማቅረብ ነው፤ ቻናሉ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ከሆነ ደግሞ ንግድ ነው። ግሩፑ «የቤተሰብ» ተብሎ ሁለት መቶ አባል ካለው ስሙ አያድነውም።

በዩቲዩብ በኩልም ተጨማሪ ነገር አለ። ድርጅቱ ራሱ ባላቀረበው መንገድ ማውረድን የአጠቃቀም ደንቡ ይከለክላል። መተግበሪያው ውስጥ ማውረጃ ቁልፍ ካያችሁ ተጠቀሙበት። በሌላ አፕ የሚወርደው ግን ከደንቡ ውጭ ነው፤ ከእነዚህ አፖች ብዙዎቹ ማስታወቂያና ቫይረስ ይዘው እንደሚመጡም አትርሱ።

የኔ ምክር ይህ ነው፦ ዳታ ካለ ሊንክ፤ ከሌለ ደግሞ ሰውየውን ቤት ጥሩትና አብራችሁ እዩት። ፋይል መላክ የግድ ከሆነባችሁ በቤተሰባችሁ ውስጥ ይቅር፤ የማይገባ መሆኑን ግን እወቁት።

ሱቅ ሄዶ ማስጫን

ፍላሽና ሚሞሪ የሚሞሉ ቤቶች ፒያሳም አራዳም አሉ። ፍላሹን ትሰጣላችሁ፣ ከፎልደሮቹ ትመርጣላችሁ፣ ትከፍላላችሁ። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

ግን የግል ቅጂ አይደለም። ቅጂውን የሠራው ሱቁ ነው፣ የሠራውም በገንዘብ ነው። ከድምፃዊው፣ ከአሳታሚው ወይም ከጣቢያው ፈቃድ ከሌለው ሽያጩ ሕገወጥ ነው። ዋናው ተጠያቂ ሻጩ ነው፤ ለገዢውም ቢሆን የሚመሰገን ነገር የለውም። የአገር ውስጥ ድራማና ሙዚቃ ሠሪ ከየት እንደሚበላ ለሚያስብ ሰው ይህ አማራጭ ከመጨረሻዎቹ አንዱ መሆን አለበት። ባለሱቁ ሕጋዊ ውል ካለው ደግሞ ሲጠየቅ ለማሳየት አይቸገርም።

ጣቢያውን መጠየቅ

ይህን የሚሞክር ጥቂት ነው። «ማን ይሰማኛል» ብለን ነው። ነገር ግን ከቤት ውጭ ለሚሆን ለማንኛውም ነገር፣ ማለትም ለሠርግ ቪዲዮ ማስገቢያ፣ ለድርጅት ዝግጅት፣ ለዩቲዩብ ገጽ፣ ቀጥተኛው መንገድ ይኸው ነው። የሚያስፈልጋችሁ አጭር ደብዳቤ ነው። የፕሮግራሙን ስም፣ የተላለፈበትን ቀንና ሰዓት፣ የምትፈልጉትን ክፍል፣ የት እንደምትጠቀሙበት ጻፉ። ቀኑንና ሰዓቱን በትክክል ካልጻፋችሁ ማኅደር ክፍሉ አያገኘውም፤ ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። መልሱ በጽሑፍ ይሁን። በስልክ «ችግር የለም፣ ተጠቀሙበት» የተባለ ሰው ክርክር ሲመጣ የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ጣቢያው የሚፈቅደው የራሱን ነው። ውስጡ የሌላ ሰው ሙዚቃ ካለ የዚያ ፈቃድ ለብቻው ነው።

የኳስ ጨዋታ ደግሞ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው ሊጉ በክፍያ በሚታየው የስፖርት ጣቢያ በሱፐርስፖርት መተላለፍ በጀመረበት የመጀመሪያ ዓመት ነው። ስለዚህ «የከተማችን ክለብ ነው፣ ጎሉን ብንለጥፈው ማን ምን ይለናል» የሚል ደጋፊ የምስሉ መብት ከስታዲየሙ በር ውጭ እንዳለ ይወቅ። ክለቡ ቢፈቅድላችሁ እንኳ ላይበቃ ይችላል።

ራሳችሁ መቅረጽ

ስለ ጥምቀት እያወራን ይህን መተው አልችልም። በዓሉ የሚከበረው አደባባይ ላይ ነው፣ እናንተም እዚያው ናችሁ፣ ስልካችሁም ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ሰው ግን ቤቱ ገብቶ ከቴሌቪዥን የተቀረጸውን ያሳድዳል። ራሳችሁ የቀረጻችሁት የራሳችሁ ነው። ለአሜሪካ ላኩት፣ ቴሌግራም ላይ ልቀቁት፣ ማንንም አታስፈቅዱም። ምስሉ የጣቢያውን ያህል አያምር ይሆናል። ጣቢያው ግን የእናንተን ሰፈር ወጣቶች ሆታ ለይቶ አይቀርጽላችሁም።

አዝማሪ ቤት ግን ተጠንቀቁ። አዝማሪው ከያኒ ነው፤ ክዋኔውን ማን እንደሚቀርጽና እንደሚያሰራጭ የመወሰን መብት በአዋጁ አለው። ዜማው የአባቶች ቢሆንም የዕለቱ አጨዋወት የሱ ነው። ለእናንተ ስም ጠርቶ የገጠመውን ለማስታወሻ መቅረጽና ዩቲዩብ ላይ ጭኖ ገንዘብ መሰብሰብ የተለያዩ ናቸው። መጠየቅ አይከብድም፤ ሽልማት ስትሰጡት በዚያው ጠይቁት።

ባጭሩ ለማየት

| መንገድ | ለራስ ማስቀመጥ | ለሌላ ማጋራት | ወጪ | ኢንተርኔት | ዕድሜው |
|---|---|---|---|---|---|
| ከሪሲቨር በፍላሽ | ይቻላል፣ አንድ ቅጂ | ቤት ውስጥ አብሮ ማየት ብቻ | የፍላሽ ዋጋ | አይፈልግም | ፍላሹ እስካለ |
| ስክሪን በስልክ | ይቻላል | አይመከርም | የለም | አይፈልግም | ጥራቱ ደካማ |
| ሊንክ | አያስቀምጥም | ምርጥ | የተመልካቹ ዳታ | የግድ ነው | ጣቢያው እስኪያነሳው |
| አውርዶ መላክ | የድረ ገጹን ደንብ ይጥሳል | ለሕዝብ ከሆነ ጥሰት ነው | ትንሽ | አንድ ጊዜ | ረጅም |
| ከሱቅ ማስጫን | የግል ቅጂ አይባልም | አይቻልም | ርካሽ | አይፈልግም | ረጅም |
| ከጣቢያው ፈቃድ | ይቻላል | በፈቃዱ ልክ | እንደ ስምምነቱ | አይፈልግም | ረጅም |
| ራሳችሁ መቅረጽ | ይቻላል | እንደፈለጋችሁ | የለም | ለመላክ ብቻ | ረጅም |

ለማን የትኛው?

ለቤታችሁ ብቻ ከሆነ ፍላሽ። ሌላ ማሰብ አያስፈልግም። ፍላሽ ለመግዛት የማትፈልጉ ከሆነ ደግሞ የጣቢያውን የዩቲዩብ ገጽ ተመዝግባችሁ ሊንኩን ያዙ፤ ጣቢያው ቪዲዮውን ሊያነሳው እንደሚችል ግን አትርሱ።

ውጭ አገር ላለ ዘመድ ሊንክ፤ ከሱ ጋር ራሳችሁ የቀረጻችሁትን ጨምሩ። እዚያ ያለው ሰው የዳታ ችግር የለበትም። ከዚያ የሚመጣውን የሕግ ምክር ግን እንዳለ አትቀበሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 እ.ኤ.አ. በቤታማክስ ቪዲዮ መቅጃ ጉዳይ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ በኋላ ለማየት ሲባል ቤት ውስጥ መቅዳትን ፈቅዷል። ጀርመን ደግሞ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመቅጃ መሣሪያ ዋጋ ላይ ለባለመብቶች የሚሆን ክፍያ ትሰበስባለች። «ፌር ዩዝ» የሚባለው፣ የሰውን ሥራ በተወሰነ ሁኔታ ያለ ፈቃድ መጠቀምን የሚፈቅደው፣ የአሜሪካ ሕግ ነው። ዩቲዩብ ላይ ሁሉም ሰው ይጠራዋል፤ ጎንደር ያለ ፍርድ ቤት ግን የሚያነበው 410/1996ን ነው።

መምህራን ከሌላው ሰው ትንሽ ሰፋ ያለ ቦታ አላችሁ። አዋጁ ለማስተማር ዓላማ፣ ለዓላማው በሚያስፈልግ መጠንና በመልካም ልማድ፣ የወጣን ሥራ መጠቀምን ይፈቅዳል። ስለ ፋሲል ግቢ የተላለፈ ዘጋቢ ፊልም አሥር ደቂቃ ክፍል ውስጥ ማሳየት እዚህ ይገባል። ምንጩን ጥቀሱ። ሙሉውን ለተማሪዎች በፍላሽ ማደል ግን ከማስተማር አልፏል።

ካፌ፣ ፀጉር ቤት፣ ሆቴል ላላችሁ፦ የቤት ዲኮደር አምጥቶ ሳሎኑ ላይ መስቀል በጣም የተለመደ ነው፤ መለመዱ ግን ፈቃድ አይሆንም። የክፍያ ጣቢያዎች ለንግድ ቤት የተለየ ውል አላቸው፤ ዋጋው ይበልጣል፣ የእሁድ ጨዋታ የሚያመጣላችሁ ሰው ደግሞ ይከፍለዋል። በቀረጻ የተያዘ ፕሮግራም እያስገቡ ለደንበኛ ማሳየት ግን የቤት ዲኮደር ከመስቀልም ይብሳል፤ የግል ቅጂውን ፈቃድም ያጠፋዋል። ለሙዚቃም ቢሆን የ2007ቱ ማሻሻያ ሥራን ለንግድ የሚጠቀሙ ሰዎች ለባለመብቶች ሮያሊቲ (ሥራው ጥቅም ላይ ስለዋለ የሚሰጥ ክፍያ) የሚከፍሉበትን መንገድ አስገብቷል። ዛሬ ማንም መጥቶ ባይጠይቃችሁም ሒሳባችሁ ውስጥ ቦታ ስጡት። በሰርቨር የሚከፈት፣ ማለትም የክፍያ ቻናሎችን በኢንተርኔት በኩል ያለ ውል የሚከፍት ሪሲቨር የሚሸጥላችሁ ሰው «ሁሉም ቻናል በነፃ» ሲላችሁ ደግሞ ነፃ የሆነው ለምን እንደሆነ ጠይቁት።

የዩቲዩብ ወይም የቲክቶክ ገጽ ያላችሁ ወጣቶች፣ ከቴሌቪዥን ቆርጣችሁ መለጠፍ ገጹን ለመግደል አጭሩ መንገድ ነው። የዩቲዩብ ማሽን የተመዘገበን ምስልና ድምፅ ራሱ ይለያል። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የቅጅ መብት ማስጠንቀቂያ የደረሰው ገጽ ሊዘጋ ይችላል። አስተያየት ለመስጠት ከሆነ ጥቅስ ይፈቀዳል፤ አጭር፣ ለምትናገሩት ነገር የሚያስፈልገውን ያህል፣ ምንጩና የባለሥራው ስም ተጠቅሶ። ሃያ ደቂቃ አሳይቶ «ዋው» ማለት ጥቅስ አይባልም። «መብቱ የባለቤቱ ነው» ብሎ ከሥር መጻፍም አያድንም፤ የሰው መሆኑን እያወቃችሁ እንደወሰዳችሁ በራሳችሁ እጅ መመስከር ነው።

ጥያቄያችሁ ከዚህ የከበደ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሥራችሁን ሌላ ሰው ከጫነባችሁ ወይም ፈቃድ ከማን እንደሚጠየቅ ካልገባችሁ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው።

ለመጪው ጥምቀት ፍላሽ ለመግዛት ያሰባችሁ ደግሞ ጥር እስኪገባ አትጠብቁ። ግዙና በአንድ ተራ ፕሮግራም ላይ ሞክሩት፤ ሪሲቨሩ ፎርማት አድርገኝ ብሎ ይጠይቅ እንደሆነ፣ የቀዳውን መልሶ ያነበው እንደሆነ፣ ኮምፒውተር ላይ ይከፈት እንደሆነ እዩ። ፎርማት ሲያደርገው ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋልና የሠርጋችሁን ፎቶ ከዚያ ላይ አስቀድማችሁ አንሱ።